ሦስት ማኅተምና አርባ አንድ ቃጭል

በዶልና ሊፓ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የነርስ መጥሪያው ከተበላሸ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ፣ ገመዱን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ፣ «ይሄ ከሥሩ ነው» አለ፤ በዚያው ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በከተማችን ሰው ሊተኛ ሲመጣ ፒጃማውን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ማንኪያውንና ቃጭሉን ይዞ ይመጣል። በግ ያለው ከበጉ አንገት ፈትቶ፣ በግ የሌለው ከጎረቤት ተውሶ። ባዶ እጁን የመጣ እንደሆነ ካርድ ክፍል ያሉት ሴትዮ ከመነጽራቸው በላይ ያዩትና «ታዲያ በምን ልትጠራ ነው?» ይሉታል። ማንም አይስቅም። ለምደነዋል።

አልጋው አርባ አንድ ነው፤ ቃጭሉም አርባ አንድ። ነርሷ ግን አንድ ናት። በፈረቃ የምትተካት አለች እንጂ አብራት የምትቆም የለችም።

ሲስተር ቲንካ ኮሌቫ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ባቷ ጠንካራ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተመላለሰችበት ኮሪደር ወለሉ መሃል ለመሃል ነጥቶ መንገድ አውጥቷል። ቃጭሎቹን በድምፅ ትለያቸዋለች። የስምንት ቁጥሯ ቀጭን የፍየል ቃጭል ስትንጫረር ፖፖ ነው። የሃያ ሦስቱ ውሃ ነው። የሠላሳ አንዱ ሰውዬ ምንም አይፈልጉም፤ ሰው እንዲመጣላቸው ብቻ ነው የሚደውሉት፤ ቲንካ እሱንም ታውቃለች፣ ግን ከሁሉም በኋላ ነው የምትደርስላቸው፣ በዚህም ታፍራለች። ሻይዋን ትቀዳለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ስትመለስ በርዷል። በሥራ ላይ ትኩስ ሻይ ጠጥታ አታውቅም።

ያለፈው መከር ነው ነገሩ የተበላሸው። አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ባይ ስፓስ፣ ጋሼ ስፓስ እንደማለት፣ የሚባሉ የድሮ በግ ጠባቂ ተኝተው ነበር። የመሪ አውራ በግ ቃጭል ነበር ይዘው የመጡት፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ያለው። በተቸገሩ ቁጥር የሚደውሉ ሰው አልነበሩም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ያ ቃጭል ጮኸ። ቲንካ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ላይ፣ መሬት ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊት በክንዷ ይዛ ነበር። ሰማችው። ማን እንደሆነም አወቀች። አሮጊቷን መሬት ላይ ጥላ መሄድ አልቻለችም። ቃጭሉ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ስትደርስ ባይ ስፓስ የቃጭሉን ገመድ እንደጨበጡ አርፈው ነበር።

ዶክተሩ «ብትደርሺም ምንም አይደረግም ነበር» አላት። የባይ ስፓስ ባለቤት ባባ ራዳ፣ እማማ ራዳ እንደማለት፣ ልብሳቸውን ሊወስዱ መጡ፣ ቃጭሉን ከአልጋው ራስጌ ሳይፈቱ ትተውት ሄዱ፣ አንድም ነገር አልጠየቁም። ቲንካ እንዲጠይቋት ፈልጋ ነበር። ባባ ራዳ የሰማንያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፣ ቲንካንም ጭምር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቲንካ በገበያ ካየቻቸው መንገድ ትቀይራለች። ጡረታዋ በመጋቢት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ አንድ ነርስ ከአሥራ ሁለት ሕመምተኛ በላይ ብቻዋን አትያዝ የሚል ሕግ።

ሕጉን የምትፈልገው ደግሞ እሷ ብቻ አልነበረችም። የነርሶች ማኅበር ይፈልገዋል። የአዋላጆች ማኅበር ይፈልገዋል። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶች ማኅበርም ይፈልገዋል። ሦስቱ ማኅበራት የጋራ ኮሚቴ ያቋቋሙት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሆን አሥራ ሁለት በሚለው ቁጥር ላይ የተስማሙት በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት፣ ቡናው ሳይመጣ ነው። የቀረውን ዘጠኝ ዓመት የፈጀው የማን ስም ቀድሞ ይጻፍ የሚለው ነበር።

አንድ ጊዜ ተሰላችተው ለየብቻ ጻፉ። ነርሶቹ «አሥራ ሁለት» አሉ። አዋላጆቹ «አንድ ደርዘን» አሉ። የኦፕራሲዮን ክፍሎቹ «ከአሥራ ሦስት በታች» አሉ። ከዋና ከተማው፣ ከሶፊያ፣ መልስ መጣ፤ «ማኅበራቱ ሦስት እርስ በርስ የሚጋጩ ሐሳቦች ያቀረቡ ስለሆነ ለመወሰን ተቸግረናል። በአንድ ወረቀት፣ በሦስት ማኅተም ተስማምታችሁ ቅረቡ።»

ጸሐፊ ሆና የተመረጠችው ቲንካ ናት። የተመረጠችው በአስተዋይነቷ እንዳይመስላችሁ፤ የእጅ ጽሕፈቷ ስለሚነበብ ነው። ሦስቱንም ማኅበራት በስልክ ስትለማመጥ ከርማ ዘንድሮ ፓርላማው አስተያየት የሚቀበልበት የመጨረሻ ቀን ተቆረጠ። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ የሚነሳው አውቶቡስ ወረቀቱን ይዞ ካልሄደ ነገሩ ለሌላ አራት ዓመት ያድራል። ቲንካ አራት ዓመት የላትም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየደች። ወረቀቱን በሰሃን ለክታ ክብ አድርጋ ቆረጠችው፤ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ እንዳይኖረው። ሦስቱ ማኅተሞች ዙሪያውን በእኩል ርቀት ይቀመጣሉ። ጽሑፉስ ከየት ይጀምር? ከዳር ቢጀምር የአንዱ ማኅተም ጎረቤት ይሆናል። ከመሃል ጀመረችው። «አሥራ ሁለት» የሚለውን ቃል እምብርቱ ላይ ጻፈችና ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየጠመዘዘች ወደ ውጭ ወጣች። ደብዳቤውን ማንበብ የፈለገ ወይ ወረቀቱን ያዞራል፣ ወይ ራሱ ይዞራል።

«ማኅተሙንስ ማን ቀድሞ ይመታል?» አሉ የነርሶቹ ሊቀመንበር ወይዘሮ ኤቭዶኪያ በስልክ።

«ሦስታችሁም እኩል። እኔ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል ትመታላችሁ።»

«ሲስተር ቲንካ፣ እስካሁን የት ነበሩ እርስዎ?» አሉ ኤቭዶኪያ።

ማኅተም የሚመታበት ቀን ሲቆረጥ ግን የእኛ ሰው ብቻ ሊሠራው የሚችል ስህተት ተሠራ። ያ ማክሰኞ የአዋላጆች ቀን ነበር። በጥር አጋማሽ፣ በዚያን ቀን፣ ሴቶቹ ትልቋን አዋላጅ በበርበሬ ዛላ አጊጠው በጋሪ ይጭኗታል፣ ወደ ወንዝ ይወስዷታል፣ ያጥቧታል። መንገድ ላይ ያገኙትን ወንድ ባርኔጣውን ይነጥቁታል፤ መያዣ ነው፣ አዋላጇ ታጥባ እስክትመለስ አይለቀቅም። በዚያን ቀን አእምሮ ያለው ወንድ ከቤቱ አይወጣም። የአዋላጆቹ ሊቀመንበር ወይዘሮ ካሊና «የእኛ ቀን ነው፣ እንዴት ያማረ ቀን!» ብለው ሲመርጡት ማንም ያላሰበው ነገር፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶች ሊቀመንበር አቶ ቦጎሚል ወንድ መሆናቸውን ነው።

ማክሰኞ ቲንካ ተረኛ ነበረች። እስከ ማታ የሚተካት ስለሌለ ስብሰባው ወደ እሷ መጣ። ኮሪደሩ ላይ፣ የነርስ ጠረጴዛ አጠገብ አራት ወንበር ተደረደረ። ኤቭዶኪያ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ሴት ናቸው፤ ካሊና ደግሞ ወፍራም፣ ጉንጫቸው የቀላ፣ ከቤታቸው ትሪ ሙሉ ባኒፃ፣ አይብ ያለበት ድርብርብ ቂጣ፣ ጋግረው የመጡ። ሁለቱም ማኅተማቸውን በቦርሳ ይዘዋል። ቦጎሚል የሉም።

«ጓዶች፣ ስብሰባው ተከፍቷል» አሉ ኤቭዶኪያ። ጓድ ማለት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እሳቸው ግን አልተነገራቸውም።

ቃጭል ጮኸ። ቲንካ ተነስታ ሄደች።

የኮሚቴው ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ ጸሐፊዋ ከሌለች ስብሰባው ይቆማል ይላል። ቆመ። ተመለሰች፤ ቀጠለ። ኤቭዶኪያ «በመጀመሪያው አጀንዳ ላይ...» ሲሉ ስምንት ቁጥር ተንጫረረች። ቆመ። ቀጠለ። ሃያ ሦስት። ቆመ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «በመጀመሪያው» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የኮሪደሩ በር ተከፈተና አንዲት ግዙፍ ሴት ገባች። አበባ ያለው ሻርፕ እስከ ቅንድቧ ጠምጥማለች፤ ከሻርፑ ሥር ግን ጥቁር ጢም ይታያል።

«ምንም እንዳትሉ» አሉ አቶ ቦጎሚል።

«ምን እንላለን? እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ» አሉ ካሊና፣ ባኒፃው አፋቸው ውስጥ እንዳለ።

ቦጎሚል ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «የሚስቴን ሻርፕ አድርጌ ቀስ ብዬ አልፋለሁ ብዬ ነበር። ድልድዩ ላይ ያዙኝ። አንዷ ምን አለች? ‹ይቺን አክስት የት ነው የምናውቃት? ቁመቷ ደግሞ!› አለች። ሻርፑን ገልጠው ሲያዩኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳቁብኝ።»

«ታዲያ ባርኔጣዎን ወሰዱ?» አሉ ኤቭዶኪያ።

«ባርኔጣ የት አለኝ? ባርኔጣ እንዳይወስዱብኝ ብዬ እኮ ነው ሻርፕ ያደረግሁት! መያዣ አምጣ አሉኝ። ኪሴን በረበሩት።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ማኅተሙን ወሰዱት።»

ከሩቅ፣ ከወንዙ በኩል፣ ከበሮ ይሰማል።

«ማን ጋ ነው ያለው?» አለች ቲንካ።

«ጋሪው ላይ ያሉት አሮጊት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ከበርበሬው ጋር። ባባ ራዳ አሏቸው።»

ከሁሉም ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው፣ ባባ ራዳ። ሄዳ ልትለምናቸው አትችልም፤ ክፍሉን ጥላ መውጣት አትችልም፤ ብትችልም አትችልም።

«ታዲያ እኛ በሁለቱ እንምታና...» ብለው ኤቭዶኪያ ጀመሩ።

«ሦስታችንም እኩል ነው የተባለው!» አሉ ካሊና።

«እኔ የሌለሁበት ወረቀት ከዚህ ሕንፃ አይወጣም» አሉ ቦጎሚል፣ ሻርፓቸውን እየፈቱ።

ቲንካ ሦስቱንም አየቻቸው። «አርባ አንድ ሰው እዚህ ተኝቷል» አለች። «አርባ አንድ። እናንተ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። ሦስት ቃጭል በአንዴ ጮኸ፤ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ ሠላሳ አራት። ወደ ሠላሳ አራት ሮጠች።

ጋሪው እስኪመለስ መጠበቅ እንጂ ሌላ መላ አልነበረም። ሦስቱ ሊቃነ መናብርት ተቀመጡ። የስምንት ቁጥሯ ቃጭል አላቆመችም። ቃጭል ስትጮህ መቀመጥ ነርስ ለሆነ ሰው ቀላል አይደለም። ካሊና ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጡ ጀመር። «ኤዲያ!» አሉና ተነሱ። «ይቺን አንዷን ብቻ ዝም ላሰኛት።»

ፖፖው ሲንኳኳ ተሰማ። ኤቭዶኪያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አሥራ አንድ ቁጥርን ይሰማሉ። አዋላጆቹ ቀድመው ተነሱ ሊባል ነው። ካፖርታቸውን ከላይ እስከ ታች ፈቱ፣ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሄዱ። ቦጎሚል ብቻቸውን ቀሩ። ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጋዎን አንስተው ለበሱ፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ፤ እንደዚያው አድርገው ወጡ።

ቲንካ ከሠላሳ አራት ስትመለስ ኮሪደሩ መሃል ላይ ሦስቱም ተጋጭተው ቆመዋል።

«ሃያ ስድስት የኔ ነው፣ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ» ይላሉ ቦጎሚል።

«ካሊና ከአንድ እስከ አሥር» አለች ቲንካ። «ኤቭዶኪያ ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ። ቦጎሚል ከሃያ አንድ እስከ ሠላሳ። የቀረው የኔ።»

ዘጠኝ ዓመት የተጨቃጨቁ ሰዎች አንድ ቃል ሳይመልሱ ተበታተኑ። ማን ከአንድ ይጀምር፣ ማን ይከተል፣ ያነሳ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት የውስጥ ደዌ ክፍል እስካሁን ያወራዋል። ቦጎሚል በኦፕራሲዮን ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ የነቃ ሕመምተኛ አናግረው አያውቁም ነበር፤ ሠላሳ ቁጥር ላይ ያሉት ሽማግሌ ስለ ቲማቲም ችግኝ ሲጠይቋቸው ደንግጠው ምላሳቸው ተሳሰረ። ኤቭዶኪያ ጉሉኮስ ቀየሩ፣ አንሶላ ቀየሩ፣ አንድ መጫኛ የሚያህል ጥፍር ቆረጡ። ካሊና ለአንዷ የሰማንያ ዓመት ሴት ጎንበስ ብለው ለምጥ የለመዱት «አይዞሽ፣ ግፊ» ከአፋቸው አምልጧቸው ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሞተ፤ ሴትዮዋም ጭምር። እርስዎ መባባሉ ጠፋ። «ቴርሞሜትሩን አቀብዪኝ እስቲ፣ አንቺ» የሚል የኤቭዶኪያ ድምፅ ተሰማ።

አንድ ጊዜ ቲንካ አርባ ቁጥርን ደግፋ ካስቀመጠች በኋላ ቀና ስትል አንድ ነገር ጎደላት። ቆማ አዳመጠች። ምንም የለም። አንድም ቃጭል አይጮህም። ሁሉም ሞቱ ብላ ነው ያሰበችው። ከክፍል ክፍል ሮጠች። ሁሉም ተኝተዋል፣ ወይ ይበላሉ፣ ወይ ያወራሉ። የሠላሳ አንዱ ሰውዬ ትራሳቸውን ተደግፈው ፈገግ አሏት። «ዛሬ ምን ተገኘ፣ ሲስተር?» አሏት። «ልደውል ብዬ የምለው ጠፋኝ።»

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ሰዓቱን አየች። አሥር ከአምስት።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ክብ፣ ንጹሕ፣ አንድም ማኅተም ያላረፈበት። ሦስቱም እጃቸውን በጋዎናቸው እየጠረጉ መጡ፣ ሰዓቱን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። ካሊና ባኒፃውን ወደ ቲንካ ገፋ አደረጉላት፤ ሌላ የሚያደርጉት ስላጡ ነው። ቲንካ ማልቀስ ፈለገች፤ አልመጣላትም። ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ሄዳ የተኛውን ጫማ ሰሪ እንዳትቀሰቅስ ቀስ ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ከበሮው እየቀረበ መጣ። ደረጃው ላይ ደረሰ። በሩ ተበርግዶ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች፣ ቀይ ወይን ቀይ ወይን እየሸተቱ፣ አንድ ጋሪ እየገፉ ኮሪደሩ ውስጥ ገቡ። ጋሪው ላይ ባባ ራዳ፣ ከወገባቸው በታች ርሰው፣ የበርበሬ ዛላ በአንገታቸው፣ ከዛላው መሃል ማኅተሙ። ከኋላ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ እያለከለከ ይከተላል።

«እማማ፣ በእግዚአብሔር! ሰው ተሳፍሮ ይጠብቀኛል! ባርኔጣዬን ስጡኝና ልሂድ!»

«ማን ነው እሱ?» አለች ቲንካ፣ ከበሩ ላይ ቆማ።

«የሶፊያው አውቶቡስ ሾፌር ነዋ» አሉ ባባ ራዳ። ባርኔጣውን ተቀምጠውበታል። «ድልድዩ ላይ ሲመጣ አቆምነው። ወንድ አይደለም እንዴ? ለአውቶቡስ የተለየ ሕግ የለም።»

ቦጎሚል አውቶቡሱ አለመሄዱ ሲገባቸው ያንን የሚያህሉ ሰው ሆነው ዘለሉ። ማኅተሙ ከበርበሬው ተፈታ። ሦስቱ ወረቀቱን ከበቡ። ቲንካ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ጠረጴዛው ጓ አለ፣ ሻይዋ ተደፋ፣ ወረቀቱ ላይ ግን አልደረሰም። ሦስት ማኅተም፣ ዙሪያውን፣ እኩል። ማንም ማን ቀደመ አላለም።

ባባ ራዳ ግን ወደዚያ አላዩም። ከጋሪው ወርደው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ገቡ። ቲንካ ተከተለቻቸው። አሮጊቷ የባላቸውን ቃጭል በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ድምፅ እንዳያወጣ ግን ምላሱን ያዙት።

«ዛሬ እንዴት ጸጥ ብሏል?» አሉ።

«ዛሬ አራት ነን።»

«ያን ቀንስ?»

ቲንካ ለዚህ ጥያቄ አራት ወር ጠብቃለች። ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ዳሌያቸው የተሰበረው አሮጊት፣ ስለ ዶክተሩ ቃል። የወጣው ሌላ ነው። «ብቻዬን ነበርኩ፣ ባባ። ሰማሁት። እየሰማሁት ነበር።»

ባባ ራዳ ወደ እሷ ዞሩ። «እኔም አንድ ጊዜ በአንድ ሌሊት ለሦስት ምጥ ተጠርቼ ነበር» አሉ። «ሁለቱ ጋ ደረስኩ።» ርጥብ እጃቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉ፤ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ቃጭሉን ልትፈታላቸው እጇን ስትዘረጋ ከለከሏት። «ይቀመጥ። አሁንም የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።»

ወደ ኮሪደሩ ወጡና ሾፌሩን ጠሩት። «ባርኔጣህን ትፈልጋለህ? ይሄንን ወረቀት ሶፊያ ታደርሳለህ። በእጅህ። ካላደረስክ ሚስትህ ስትወልድ እንተያያለን፤ ቀኗን አውቃለሁ።»

«ስንት ወር እንደሆነች ማን ነገረዎት?» አለ ሰውዬው፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«አረማመድህ ነገረኝ» አሉ ባባ ራዳ፤ ሴቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ሾፌሩ ባርኔጣውን ደፍቶ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ ሮጠ።

ኤቭዶኪያ ካፖርታቸውን አነሱ። አንዱን እጅጌ እንዳስገቡ አሥራ ሁለት ቁጥር ደወለ። ቆም አሉ። ካፖርቱን አውልቀው መልሰው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። የሚሄዱበት ባቡር አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ አመለጣቸው፤ ሦስቱም የሄዱት የማታዋ ተረኛ ስትገባ ነው።

ሕጉ በሰኔ ወጣ። ፓርላማ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ለማንበብ መድረኩ ላይ ሲዞሩ ራሳቸውን አዙሯቸው ተደግፈው ወረዱ ይባላል፤ እኔ አላየሁም። ቁጥሩ «ከአሥራ ሦስት በታች» ተብሎ ተጻፈ። ቦጎሚል ወሩን ሙሉ ደረታቸውን ነፍተው ዞሩ፣ ካሊና ደርዘኑ ተዘለለ ብለው አኮረፉ፣ ኤቭዶኪያ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በየወሩ አንድ ማክሰኞ ግን ሦስቱም ዶልና ሊፓ ይመጣሉ፣ ስብሰባ ነው ይላሉ፣ ጋዎናቸውን በቦርሳ ይዘው።

ሕጉ የሚተገበረው ደረጃ በደረጃ ነው ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ነርስ፣ በሚቀጥለው ሦስት፣ ከዚያ አራት። ቲንካ በመጋቢት ጡረታ አልወጣችም። ሁለተኛዋ እስክትመጣ ብላ ቀረች። ሁለተኛዋ በመስከረም መጣች፤ ዳፊንካ ትባላለች፣ የአርባ አራት ዓመት ሴት፣ ጣሊያን አገር የሰው ሽማግሌ ስትጦር ኖራ የተመለሰች። ቃጭሎቹን ባየች ጊዜ «ቀልድ ነው?» ብላ ጠየቀች። በሳምንቱ ግማሾቹን በድምፅ ለየቻቸው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቲንካ ሻይዋን ቀድታ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠች ያ ቃጭል ጮኸ። ወፍራሙ፣ ከሆድ የሚወጣው፣ አሥራ ሰባት ቁጥር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ብድግ አለች። ከመነሳቷ የዳፊንካን ጀርባ አየች፤ በሩ ውስጥ እየገባ ነበር። ቃጭሉ ቆመ። «መጣሁ አባባ፣ መጣሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም ሽማግሌው ሲያጉረመርሙ።

ቲንካ ሰዓቱን አየች። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ቆማ ቀረች። ከዚያ በነርስነት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃጭል ተደውሎ፣ ተቀመጠች። ሻዩ ገና ትኩስ ነበር። እያለቀሰች ጠጣችው።